መምህር አጥተው መምህር የሆኑት ሐቢብ ጊርጊስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኛ ወጣቶች መምህር ሳይመጣ ሲቀር መዝሙር ዘምረን እንበተናለን፤ ጥፋቱንም በሌላው ላይ እንጥላለን። ዛሬ የምናነበው መምህር ሲያጡ ትምህርታቸውን ስላልተዉ አንድ ተማሪ ሕይወት ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሐቢብ ጊርጊስ በ1876 በካይሮ ከተማ ተወለዱ። በዚያ ጊዜ እህታችን በሆነችው በግብጽ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የሚቀድስ ካህን ባይጠፋም፣ ሕዝቡን አስተምሮ ጥያቄውን የሚመልስ ካህን ግን ጥቂት ነበር። የውጭ አገር ሚሲዮናውያንም ትምህርት ቤት ከፍተው የምእመናኑን ልጆች ወደ ራሳቸው ይስቡ ነበር። በፓትርያርክ ቄርሎስ 5ኛ ዘመን፣ በ1893፣ በካይሮ የካህናት ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሲከፈት ሐቢብ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ጋር ገቡ።

ይሁን እንጂ ኮሌጁ ዋናውን ነገር አላገኘም ነበር። ሌላው ትምህርት ሲሰጥ የነገረ መለኮት መምህር ታጣ። ሐቢብ ግን አላጉረመረሙም፤ መጻሕፍትን እየፈለጉ ራሳቸውን አስተማሩ። ገና ተማሪ ሳሉም ሃይማኖትን እንዲያስተምሩ ተመደቡ።

በ1904 አል ካርማ፣ ማለት የወይን ተክል፣ የተባለውን መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። በ1918 የኮሌጁ ዲን ሆነው እስከ ዕረፍታቸው ድረስ 33 ዓመት መሩት። በዚያው ዓመት የሰንበት ትምህርት ቤቶች ጠቅላይ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ለሕፃናቱ የሚሆነውንም የትምህርት መጽሐፍ ራሳቸው አዘጋጁ። ካህኑ በኮሌጅ፣ ሕፃኑ በሰንበት ትምህርት ቤት ካልተማረ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይጸና ተረድተው ነበርና።

በ1946 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ለጨረሱ ወጣቶች በኮሌጁ የማታ ክፍል ተከፈተ። በዚህ ክፍል ከተማሩት አንዱ ናዚር ጋይድ የተባለው ወጣት ነው። ይህ ወጣት በ1971 ፓትርያርክ ሆኖ አቡነ ሺኖዳ 3ኛ ተባለ።

ሐቢብ ጊርጊስ ትዳር ሳይዙ፣ በሊቀ ዲያቆናት ማዕረግ ሲያገለግሉ ኖረው በነሐሴ 1951 ዐረፉ። በ2013 የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ ከቅዱሳን ቆጠራቸው።

እኛስ? በዩኒቨርሲቲ ለዲግሪ ስንል ሌሊቱን በጥናት እናነጋለን፤ የሃይማኖት ዕውቀታችን ግን በልጅነታችን ከተማርነው ፈቅ አላለም። ነገ ታናናሾቻችን ሲጠይቁን ምን እንመልሳለን? እንግዲህ መምህር ሳይመጣ ሲቀር ከመበተን፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከፍተን እናንብብ፤ ያልገባንን ጽፈን ካህናት አባቶቻችንን እንጠይቅ። ሐቢብም የጀመሩት ከዚሁ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።