ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር፦ ዐረብኛን ከአማርኛ ያገናኙ የወሎ ሊቅ

ወሎ ካፈራቻቸው ስመ ጥር ሊቃውንትና የመንዙማ ደራስያን አንዱ ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር ናቸው። የአርጎባ ተወላጁ ሼህ ጦልሃ የተወለዱት በ1845 ዓ.ም. ገደማ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ሲያውጁ፣ ሼህ ጦልሃ አዋጁን በመቃወም ግንባር ቀደም ሆኑ።

በዘመኑ የእስልምና ትምህርት የሚሰጠው በአብዛኛው በዐረብኛ ነበር፤ ቋንቋውን የሚያውቁት ግን የተማሩት ብቻ ነበሩ። ሼህ ጦልሃ የዐረብኛውን ፊደል ይዘው ገበሬው በሚናገረው አማርኛ ገጠሙ። ይህ አጻጻፍ ዐጀም ይባላል።

መንዙማ መጋረጃና መድረክ አያሻውም። አውጪው ያዜማል፤ ተቀባዮቹ በድቤና በጭብጨባ ይመልሳሉ። ፊደል ያልቆጠረውም ሰምቶ በቃሉ ይይዘዋል። ለሕዝቡ ትምህርት ቤትም ትያትርም የሆነው በዚህ ነው።

ሼህ ጦልሃ በ1928 ዓ.ም. ገደማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ የሕይወት ታሪካቸውን አጥንተው አሳትመዋል። የአማርኛ መንዙማ ዛሬም ከወሎ የገጠር ቀበሌዎች እስከ አዲስ አበባዎቹ መርካቶና አብነት ይደመጣል።