ከጋፋት እስከ ጌም፦ አፄ ቴዎድሮስና ሴባስቶፖል

ጌም የሚወድ ተማሪ ክላሽንኮቭን ከነድምፁ ያውቀዋል። የእኛው ሰፈር መሣሪያ ጌም ውስጥ መግባቱን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3 የአፍሪካ ክፍል፣ ኢትዮጵያን ይዞ የሚጫወት ሰው ሴባስቶፖል የሚባል መድፍ ያገኛል። እውነተኛው ሴባስቶፖል የተሠራው እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። ያሠሩት ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለደ። በልጅነቱ ገዳም ገብቶ ተማረ፤ ሲጎለምስ ሸፈተ። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ከግብፆች ጋር ገጥሞ በመድፋቸውና ሥርዓት ባለው ጦራቸው ተሸነፈ። ጀግንነት ብቻውን እንደማይበቃ ያን ጊዜ ገባው። ከዚያ በኋላ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ አሊን አሸነፈ፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ቅባ ተቀብቶ አፄ ቴዎድሮስ ተባለ።

ንጉሡ አገር አንድ ማድረግና የእጅ ሙያ ማስገባት ፈለጉ። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልሱ ሲዘገይ ተቆጥተው ቆንስላውን አሰሩ። ጋፋት የሰፈሩትን የአውሮፓ ሚስዮናውያንም መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው ስለማያውቁ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ደጋግመው ሞክረው ግን ተሳካላቸው፤ በመጨረሻም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ።

በዚህ መሐል ግን አገሩ ከእጃቸው እየወጣ ነበር። ዘመቻና ቅጣት ያስመረረው ሕዝብ ሸሻቸው። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ኃይል እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። አለት እየተፈለጠ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ተሻግረው ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው።

ታዲያ ምን ሆነ? ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ፈነዳ። የእንግሊዝ ጦር በአዲስ ጠመንጃና በሮኬት ወደ 700 የሚሆን የንጉሡን ሰው ገደለ። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ቪክቶሪያ ቀደም ሲል በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። የጋፋት ባለሙያዎችም ከእንግሊዞች ጋር ወጡ፤ ሥራው በዚያው ቀረ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ ምስሉም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ጌም ላይ መድፉ ትንሽ ቆይቶ ብቅ ይላል፤ ጎታች አይደክምም፣ ከተማ አይቃጠልም፣ ገበሬም አይሸሽም። በእኔ አስተያየት የአፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ቁም ነገሩ ግን እዚያ ጌሙ በተወው ላይ ነው፦ መድፉን አገኙ፣ መድፉን የሚከተል ሕዝብ ግን አጡ። ይህን ሙሉውን ታሪክ መጻፍ ደግሞ ከማንም በፊት ለጋፋት ጎረቤቶች፣ ማለትም ለእኛ፣ የተተወ የቤት ሥራ ነው።