አባ መላ
የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ሕይወትና የሰው ስብእና

የሰው መልክ በመስታወት ይታያል፤ ስብእናው ግን የሚታየው በሥራው ነው። በዚህ ዓመት የሥነ ልቡና መጻሕፍትን ስመለከት ስብእና፥ ጠባይ፥ ባሕርይ የሚሉትን ቃላት በየገጹ አገኘሁ። ትርጓሜያቸውን በቃል ማጥናት ቀላል ሲሆን፥ በሰው ሕይወት ላይ እንዴት እንደሚገለጹ መረዳት ግን አስቸገረኝ። ስለዚህ ከአገራችን ታላላቅ ሰዎች የአንዱን ታሪክ መርጬ ቃላቱን በእርሳቸው ሕይወት ልፈትን አሰብሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቤትም በጎረቤትም ዓይነ አፋር እባላለሁ፤ ይህ ስም ዕድሜ ልኬን ተጣብቆብኝ የሚኖር መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ እፈልግ ነበር።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1844 ዓ.ም. ገደማ ከእኛ ከእንጭኒ በስተደቡብ በሚገኘው በጨቦ ምድር ተወለዱ። ገና በለጋ ዕድሜያቸው የምኒልክ ጦር ወደ አገራቸው በዘመተ ጊዜ ተማርከው ወደ ሸዋው ንጉሥ ቤት መጡ። ከወላጅና ከቀዬ ተለይቶ በማያውቁት ቤት ማደግ ለማንኛውም ልጅ ከባድ ፈተና ነው፤ እርሳቸው ግን በዚያ ቤት ውስጥ እያገለገሉና እያስተዋሉ አደጉ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት እናገኛለን። ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ዝንባሌ የተፈጥሮ ጠባይ ይባላል። ይህ ዝንባሌ ከኑሮ፥ ከአስተዳደግና ከገጠመኝ ጋር ተዋሕዶ ጸንቶ የሚታየው የአስተሳሰብ፥ የስሜትና የአደራረግ ጠቅላላ ሁኔታ ደግሞ ስብእና ይባላል። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት በሰዎች መካከል ካለው የባሕርይ ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። የቀረውን በአብዛኛው ኑሮ ይሠራዋል። ስለዚህ የጨቦው ልጅ ይዞት የመጣው አስተዋይነት ቢኖርም እንኳ፥ ምርኮና ቤተ መንግሥት ሳይቀርጹት አልቀሩም ማለት ይቻላል።

ሀብተ ጊዮርጊስ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ተዋጉ፤ ከዚያም በኋላ የፊታውራሪነት ማዕረግ አገኙ። ወደ ቦረና የዘመተውንም ጦር መርተው ያን አገር በምኒልክ ግዛት ሥር አስገቡ። በልጅነቱ በዘመቻ የተማረከ ሰው አድጎ በሌላ ሕዝብ ላይ የዘመቻ መሪ መሆኑ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ ለቦረና ሰዎች ያ ዘመቻ የድል ታሪክ አልነበረምና። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ።

የፈረስ ስማቸው አባ መላ ነበር። እኛ በኦሮሞ ምድር የምንኖር ሰዎች እንደምናውቀው አባ ማለት አባት ወይም ባለቤት ማለት ነው፤ አባ መላ ማለትም የመላ ባለቤት፥ ዘዴ አዋቂ እንደ ማለት ነው። በስማቸውም ላይ ብልሃት ስለተሞላበት ፍርዳቸው ብዙ ታሪክ ይነገራል።

ጎርደን ኦልፖርት የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1936 ከባልደረባው ጋር ሆኖ የእንግሊዝኛን መዝገበ ቃላት መርምሮ፥ ሰውን ከሰው የሚለዩ 18 ሺህ ያህል ቃላት ሰበሰበ። ኦልፖርት ባሕርያትን በሦስት ደረጃ ከፈለ። ሕይወትን በሙሉ የሚመራው ገዥ ባሕርይ ሲሆን በጥቂት ሰዎች ብቻ ይገኛል፤ ሁለተኛዎቹ አንድን ሰው ስንገልጽ የምንጠራቸው ዐበይት ባሕርያት ናቸው፤ ሦስተኛዎቹ አልፎ አልፎ የሚታዩ ንኡሳን ባሕርያት ናቸው። አባቶቻችን መዝገበ ቃላት ሳይቆጥሩ ለጦር መሪ የፈረስ ስም ሲያወጡ፥ ብዙ ጊዜ ገዥ ባሕርዩን በሁለት ቃል መናገራቸው ነበር።

ይህ ባሕርይ ከሁሉ ይልቅ የታየው በ1909 ዓ.ም. ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ብዙ ሠራዊት አስከትተው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ሀብተ ጊዮርጊስ የንጉሡ ወዳጅ መስለው መልእክት በመላክ ጉዞውን አዘገዩ፤ በዚህም መካከል የሸዋ ጦር ተሰበሰበ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በተደረገው ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ። ለሸዋ ሰው ይህ ብልሃት ነው፤ ለወሎ ሰው ግን ተንኰል ነው። ኦልፖርትም ባሕርይን ከመልካምና ከክፉ ፍርድ ለይተን እንድናይ ያስተማረው ስለዚህ ነው።

ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ባሕርያትን በአምስት ይመድባሉ፤ እነርሱም ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፥ ትጋትና ጥንቃቄ፥ ተጫዋችነት፥ ቸርነትና የስሜት መዋዠቅ ናቸው። ሀብተ ጊዮርጊስ በጥንቃቄ እጅግ የበለጸጉ ነበሩ፤ በ1910 ዓ.ም. የመሐል ሰፋሪ ወታደሮች ሚኒስትሮቹ ሁሉ እንዲሻሩ ባስገደዱ ጊዜ ከሥልጣን ሳይወርዱ የቀሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ነገር ግን ያው ጥንቃቄ አዲስ ሥርዓትን በጥርጣሬ እንዲያዩ አደረጋቸው፤ በዚህም ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር ሳይስማሙ ከንግሥት ዘውዲቱና ከአቡነ ማቴዎስ ጎን ቆሙ። እንግዲህ አንድ ባሕርይ በአንድ ወገን ሲያተርፍ በሌላው ወገን ያስከፍላል ማለት ነው።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር እንደ ሆኑ ዐረፉ። በአዲስ አበባ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ታሪካቸውን ከጨረስሁ በኋላ ወደ ራሴ ጥያቄ ተመለስሁ። ባሕርይ በሚዛን እንደሚለካ ነገር ነው፤ አንዱ ይበዛለታል፥ ሌላው ያንሰዋል እንጂ ሰው የሚቆለፍበት ሣጥን አይደለም። በዕድሜና በልምድም ቀስ በቀስ ይለወጣል። ዓይነ አፋርነቴ ምናልባት ከእኔ ጋር ይኖር ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ብዙ ነገር ያስተውላል። ምርኮኛ ተብሎ የገባው የጨቦ ልጅ በዚያ ስም ተወስኖ ቢቀር ኖሮ አባ መላ ባልተባለ ነበር።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፥ አንዱን ሰነፍ፥ ሌላውን ቁጡ፥ ሦስተኛውን ፈሪ ብለን ስም ከመለጠፋችን በፊት ጥቂት እንታገሥ። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም በልጅነታችን ያወጡልንን ስም በየጊዜው እንዲመረምሩልን በትሕትና እንለምናለን። እኛ ገና በመሠራት ላይ ነንና።