ዘር ፈላጊው ኒኮላይ ቫቪሎቭና የላስታ ማሳ

የዘንድሮው የመገናኛ በዓል አዘጋጆች ከትምህርት ዘመናችን ስለማንረሳው አንድ ሰው እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ብዙዎቻችሁ የአንድ መምህራችንን ስም ትጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን የምጽፈው ዓለማያ አስተምሮ ስለማያውቅ፣ እኛ ሳንወለድ ስለሞተ ሰው ነው። ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላል። የዕፅዋት ዘረመል ትምህርት የወሰደ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ የዓለም ካርታ ላይ ክብ ክብ የተሰመረባቸው የሰብል መገኛ ቦታዎች፣ ከነሱም አንዷ ኢትዮጵያ። ያን ክብ ለፈተና ሸምድደን ወጣን። ሰውየውን በቅጡ ያወቅሁት ግን ቆይቼ፣ በራሴ ጥፋት ምክንያት ነው።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 ሞስኮ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤት ወጥተው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ልጁ ግን ንግዱን ትቶ እርሻ ተማረ። ከዚያም እንግሊዝ ሀገር ተሻግሮ ዘረመል የሚባለውን ያኔ ገና አዲስ የሆነ ትምህርት ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ቀሰመ።

የሕይወቱን አቅጣጫ ያስያዘው የ1916ቱ ጉዞ ይመስለኛል። በፋርስ የሰፈሩ የሩሲያ ወታደሮች ዳቦ በልተው ራሳቸውን እያዞራቸው ይታመሙ ነበርና ምክንያቱን እንዲመረምር ተላከ። ጥፋተኛው እኛም በደንብ የምናውቀው እንክርዳድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያው ወደ ፓሚር ተራሮች ዘለቀና ሌላ ነገር አየ። ቆላው ላይ በስንዴ መሐል እንደ አረም የሚበቅለው አጃ መሰል ሰብል፣ ራይ የሚሉት፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር እየበዛ ይሄዳል። ጫፍ ላይ ሲደረስ ስንዴው ብርዱን አልችል ብሎ ይጠፋል፤ አረሙ ራሱ ሰብል ይሆናል። ቫቪሎቭ ከዚህ የተማረው በዱርና በማሳ መካከል ያለው አጥር እኛ እንደምናስበው የጠበቀ አለመሆኑን ነው።

ወደ እኛ ሀገር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1926 መገባደጃ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ነው። በጅቡቲ ገብቶ ሐረርን አየ። ኋላ የእኛ ኮሌጅ ከቆመበት ቦታ አጠገብ ዘር ለቅሟል ማለት ነው! አዲስ አበባ ላይ ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፤ ስለ ሩሲያ አብዮትም ጠየቁት። ከዚያ በበቅሎ ወደ ሰሜን ተነሣ። በጎንደርና በአክሱም አድርጎ አስመራ ደረሰ፤ ላስታ በስተምሥራቅ ቀረች። በየገበያውና በየማሳው እያቆመ የለቀመው የዘር ናሙና በሺህ የሚቆጠር ነበር። የስንዴያችንና የገብሳችን ዓይነት መብዛት አስገረመው።

እውነቱን ለመናገር ሁሉንም ነገር በትክክል አልተናገረም። የስንዴና የገብስ የዱር ቅድመ አያቶች ያሉት መካከለኛው ምሥራቅ ስለሆነ፣ የኋላ ሊቃውንት ኢትዮጵያን የእነዚህ ሰብሎች የመጀመሪያ መገኛ ሳይሆን ዓይነታቸው የበዛባት ሁለተኛ ቤት ይሏታል። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ግን የራሳችን ናቸው። ብቻ ስሙ ከእኛ ማሳ አልወጣም። በገብስ መሐል የሚበቅለው የደጋችን የዱር ስናር በሳይንሳዊ ስሙ አቬና ቫቪሎቪያና ተብሎ በእሱ ተሰይሟል። የዱሩ ስናር ሲደርስ ዘሩን ያረግፋል። ገበሬው ከገብሱ ጋር አብሮ የሚያጭደው ዘመዱ ግን ይዞ ይቆያል። ሁለቱ ይዳቀላሉና በአንድ ማሳ ውስጥ መሐል ሰፋሪዎችም ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ ከምዕራብ ቻይና በፈረስ ቲያን ሻን ተራሮችን ተሻግሮ አልማ አታ ገባ። ከተማዋ ስሟ ራሱ ከፖም የመጣ ነው። ዙሪያዋ ያሉት ተራሮች በዱር ፖም ተሸፍነው አገኛቸው፤ አንዳንዱ ዛፍ ፍሬው ከጓሮ ፖም የማይተናነስ ነበር። የጓሮው ፖም መነሻ እዚህ ነው ሲል ደመደመ። በዘመናችን የተደረገው የዘረመል ምርመራም ይህን አረጋግጦለታል፤ በዚያ ላይ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ፖሙ ከነጋዴ ጋር በሐር መንገድ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ፣ አውሮፓ ካለው ጎምዛዛ የዱር ፖም ጋር እየተዳቀለ ስለሄደ ዛሬ የምንበላው ፖም የሁለቱንም ደም የያዘ ነው። ነገሩ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይሄድም። የጓሮው ፖም የአበባ ብናኝ በንብ ወደ ጫካ እየተመለሰ የአውሮፓን የዱር ፖም እየበረዘው ይገኛል። መዳቀል ሰጪም ነሺም ነው።

የቫቪሎቭ መጨረሻ ግን አያምርም። ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል፣ ዘረመልን የካደ ሰው በስታሊን ፊት ሞገስ አገኘ። ቫቪሎቭ አልታጠፍ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1940 ዩክሬን ውስጥ ዕፅዋት እየለቀመ ሳለ ተያዘ። ሞት ተፈርዶበት ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስር ተለወጠለት። ዓለምን ከረሃብ ለማዳን ዘር ሲለቅም የኖረው ሰው፣ በጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎድቶ ሞተ። ስሙ የታደሰው በ1955 ነው።

እሱ እስር ቤት ሳለ የሰበሰበው ዘር ሌኒንግራድ ውስጥ በጀርመን ጦር ተከብቦ ነበር። ከበባው 872 ቀን ፈጀ። የተቋሙ ሠራተኞች ሩዝና ለውዝ ሞልቶ በተቀመጠበት ቤት ውስጥ እየዋሉ ከዘሩ ሳይቀምሱ በረሃብ አለቁ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔ የአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ልጅ ነኝ። በ1971 ዓ.ም. ተመርቄ አገሬ ስገባ አባቴ የሚዘሩት ገብስ ቅይጥ ነበር። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቶሎ የሚደርሰው፣ የሚዘገየው፣ ስናሩም በመሐሉ። ዲፕሎማዬን ይዤ አፈርኩበት። ጥራት ያለው አንድ ወጥ ዘር ይሻላል ብዬ ወተወትኳቸው። አባቴ ቅይጡ ክፉ ዘመንን ያሻግራል፣ አንዱ ቢቀር ሌላው ይሰጣል ብለው ሞገቱኝ። በመጨረሻ ለተማረ ልጃቸው ሲሉ እሺ አሉ። አሮጌው ዘር ተበላ። ድርቁ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያሸተው አዲሱ ገብስ በአንድ ጊዜ ደረቀ። ቅይጡ ቢኖር ያን ድርቅ ይችል ነበር ብዬ አልምልም፤ በ77 ብዙ ቅይጥ ማሳም አመድ ሆኗል። ግን መሞከሪያውን ከአባቴ እጅ የነጠቅሁት እኔ ነኝ።

ከገደሉ ማዶ ያሉት አክስቴ ከምድጃው በላይ በሰቀሉት ቅል ውስጥ ከዚያ አሮጌ ገብስ ጥቂት ነበራቸው። ልጆቻቸው እየራባቸው አልፈቱትም። ዝናቡ ሲመለስ የእኛ ማሳ ዘር ያገኘው ከዚያች ቅል ነው። አክስቴ የሌኒንግራድን ነገር ሰምተው አያውቁም። በዚያው ዘመን እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘረመል ሀብት ማዕከላችን፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ ከድርቁ ፊት ፊት እየሄደ የገበሬውን ዘር ይሰበስብ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለትዝታ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ጡረታ ወጥቶ በደጋው ላይ ፍራፍሬ ልትከል የሚል በዝቷል፤ ደስ ይላል። ፖም ብትተክሉ እዚህ የዱር ዘመድ ስለሌለው የሚበርዘው የለም። የሜዲትራኒያኑን የዘይት ወይራ ላምጣ የምትሉ ግን ቆም በሉ። እሱ ከእኛ ወይራ ጋር የአንድ ዝርያ ልጆች ናቸው፤ ብናኛቸው በነፋስ ይሄዳል። ሁለቱም እንግዳ ሆነው በገቡባት አውስትራሊያ ተዳቅለው ተገኝተዋል። ጋን የምናጥንበት፣ ሞፈር የምንጠርብበት፣ በይምርሃነ ክርስቶስ ደን ከጽዱ ጋር የቆመው ወይራ ብናኝ አይመርጥም። አትትከሉ አልልም፤ ከደን አርቃችሁ፣ አስቀድማችሁም የወይራችንን ፍሬ አስለቅማችሁ ለማዕከሉ አስረክባችሁ ይሁን።

ለመምህራኑም አንድ ልመና አለኝ። ያን ክብ ካርታ ስታስተምሩ የሰውየውን አሟሟት አትዝለሉት። ተማሪው ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ የአባቱን ጎታ ከመንቀፉ በፊት አንድ ቅል ዘር ለይቶ እንዲሰቅል ንገሩት። እኔን ያኔ የነገረኝ ቢኖር፣ አባቴን በዚያ ክረምት ባዶ ማሳ ላይ ቆመው አላያቸውም ነበር።