የሰውን ልክ በካርድ ያሰፈረው ጸሐፊ፦ አልፎንስ በርቲዮን

ፊት አይቶ በር የሚከፍት መሣሪያ በየሕንፃው መግቢያ እየተለመደ መጥቷል። ሠራተኛው ካሜራው ፊት ይቆማል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ በሩ ይከፈታል። ነገሩ የኮምፒውተር ዘመን ፈጠራ ይመስላል፤ ሐሳቡ ግን ከኮምፒውተር በጣም ይቀድማል። ሰውን ለክቶ ወደ ቁጥር መለወጥ፣ ቁጥሩን መዝግቦ ማስቀመጥ፣ ሰውየው ዳግም ሲመጣ ለክቶ ማመሳከር፤ ይህን በሥርዓት የጀመረው አልፎንስ በርቲዮን የሚባል የፓሪስ ፖሊስ ጸሐፊ ነው።

በርቲዮን በ1853 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቤተሰቡ የቁጥር ሰዎች ናቸው። አባቱ ሐኪምና የስታቲስቲክስ ሊቅ ሲሆን፣ ዴሞግራፊ የሚለውን ቃል የፈጠረው አሺል ጊያር ደግሞ የእናቱ አባት ነው። ልጁ ግን ትምህርት አልሆነለትም። ከትምህርት ቤት ተባረረ፣ እንግሊዝ አገር ሄዶ ፈረንሳይኛ አስተማረ፣ ወታደር ቤትም ቆየ። በ1879 የፓሪስ ፖሊስ ውስጥ ካርድ ገልባጭ ሆኖ ተቀጠረ።

ሥራው አሰልቺ ነበር። የእስረኞች መግለጫ ቁመቱ መካከለኛ፣ ፊቱ የተለመደ ዓይነት እየተባለ ይጻፋል፤ እንዲህ ያለው መግለጫ ለግማሽ ከተማ ይሆናል። ፎቶግራፉም እንደ አንሺው ነው፤ አንዱ ከቅርብ፣ ሌላው ከሩቅ፣ አንዱ በጥላ፣ ሌላው በፀሐይ። ስሙን የለወጠ ወንጀለኛ በሺህ ከሚቆጠሩ ካርዶች መሐል ተፈልጎ አይገኝም።

በርቲዮን ያደገው ስለ አጥንትና ስለ ራስ ቅል ልኬት በሚወራበት ቤት ስለሆነ መፍትሔው ከዚያው መጣለት። የአዋቂ ሰው አጥንት ከ20 ዓመት በኋላ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ 11 ልኬቶችን መረጠ፦ ቁመት፣ የተዘረጉ እጆች ስፋት፣ የራስ ርዝመትና ወርድ፣ የቀኝ ጆሮ፣ የግራ እግር መዳፍ፣ የመሐል ጣት፣ እያለ ይቀጥላል። ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ያለውም አለበት፤ እኛ ክንድ ብለን ጨርቅ የምንለካበት ማለት ነው። እያንዳንዱን ልኬት ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብሎ ከፍሎ ካርዶቹን በመሳቢያ ደረደረ። ዛሬ ኢንዴክስ የምንለው ይኸው ነው።

ሐሳቡን ያቀረበለት የመጀመሪያው የፖሊስ አዛዥ አልተቀበለውም። ተተኪው በ1882 መጨረሻ ላይ የ3 ወር ሙከራ ፈቀደለት። ጊዜው ሊያልቅ ሲል፣ በየካቲት 1883፣ ስሙን ለውጦ የመጣ አንድ እስረኛ በካርዱ ተያዘ። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ 3 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በ1884 የተለዩት 241 ደረሱ። በ1892 ራቫሾል የተባለው ቦምብ አፈንጂ ሲያዝ፣ ማንነቱ የታወቀው ቀደም ሲል በሌላ ከተማ ተለክቶ ስለነበር ነው። የበርቲዮን ስም በዓለም ናኘ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስሌቱን እንየው። በ11 ልኬት ሁለት ሰዎች የመመሳሰላቸው ዕድል ከ4 ሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም ይባል ነበር። ቁጥሩ የሚወጣው ዕድሎቹን በማባዛት ነው፤ ማባዛት የሚቻለው ግን ልኬቶቹ እርስ በርስ የማይያያዙ ከሆነ ብቻ ነው። ረጅም ሰው እጁም እግሩም ረጅም እንደሚሆን ማን ያጣዋል? እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ይህን ድክመት አስተዋለ። በ1888 ላሳተመው፣ እኛም ስታቲስቲክስ ኮርስ ላይ ለተማርነው ኮሪሌሽን፣ ከመነሻዎቹ አንዱ ይኸው ነበር።

በርቲዮን በቁጥሩ ላይ የነበረው እምነት ግን አልተነቃነቀም፤ ዋጋውን ሌላ ሰው ከፈለ። በ1894 ለጀርመን ምሥጢር ይሸጣል በተባለ ደብዳቤ አልፍሬድ ድሬይፉስ የተባለ መኮንን ተከሰሰ። በርቲዮን የእጅ ጽሑፍ ባለሙያ ሳይሆን መሰከረ። ጽሑፉ ከድሬይፉስ ጽሑፍ ሲለይበት፣ ሆን ብሎ የራሱን ጽሑፍ አስመስሎ ነው አለ። በዚህ አነጋገር መመሳሰሉም መለያየቱም ያስፈርድብሃል! ድሬይፉስ ደሴት ላይ ታስሮ ዓመታት ቆየ፤ ጸሐፊው ኤስተርሃዚ የተባለ ሌላ መኮንን ነበር። ፖንካሬን ጨምሮ 3 የሒሳብ ሊቃውንት በ1904 የበርቲዮንን ስሌት መርምረው ዋጋ ቢስ መሆኑን አሳዩ፤ ድሬይፉስም በ1906 ነፃ ተባለ።

የበሩ ካሜራም ውስጡ ስሌት ነው። ፊቱን ብዙ ጊዜ ወደ 128 ወይም 512 ቁጥሮች ይለውጥና ከተመዘገበው ጋር ያለውን ርቀት ይለካል። ርቀቱ ከተወሰነው ወለል ካነሰ በሩ ይከፈታል። ወለሉ ከላላ ባዕድ ይገባል፣ ከጠበቀ ባለቤቱ ደጅ ይቀራል። ይህን የሚወስነው መሣሪያውን ያስተካከለው ሰው ነው። ካርድ አስነክቶ ፊት የሚያይ በር የሚያመሳክረው ከአንድ መዝገብ ጋር ብቻ ነው፤ በፊት ብቻ የሚሠራው ግን ከሁሉም ጋር ስለሆነ፣ ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር የስህተት ዕድሉም ይጨምራል። ሰው ተሳስቶ ሲታገድ አቤት የሚልበት ዘበኛ በአጠገቡ ከሌለ፣ ለእኔ ያ በር ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው።

በርቲዮን የጣት አሻራን ካርዱ ላይ ጨምሮ በ1902 ነፍሰ ገዳይ ለይቶበታል። መሳቢያዎቹ ግን በልኬት እንደተደረደሩ ቀሩ። በ1911 ሞናሊዛ ከሉቭር ስትሰረቅ ሌባው መስታወቱ ላይ አሻራውን ትቶ ነበር፤ ካርዱም ቀድሞ ከፖሊስ ዘንድ ነበር። በአሻራ መፈለጊያ መንገድ ስላልነበረ አልተገኘም። ፔሩጃ የተባለው ሌባ የተያዘው በ1913 ሥዕሏን ሊሸጥ ሲል ፍሎረንስ ላይ ነው።

በርቲዮን በየካቲት 1914 ሞተ። የልኬት ዘዴው ብዙም ሳይቆይ ለአሻራ ቦታውን ለቀቀ። የፎቶግራፍ ደንቡ ግን አለ፤ አንዴ ከፊት አንዴ ከጎን፣ ርቀቱ እኩል፣ ብርሃኑ አንድ ዓይነት። የበሩ ማሽን ላይ አዲስ ሠራተኛ ሲመዘገብም ኮፍያህን አውልቅ፣ ቀጥ በል፣ ወደ ፊት ተመልከት ይባላል።