ውሉን ያፈረሰው የጦር አለቃ

አንባቢ ወንድሜ ሆይ! አላህ ልቡናህን ያብራልህና የጋው ሺየንዢን ታሪክ ልብ ብለህ ተመልከት፤ ንግድህም ቤትህም የቆሙበትን የአማናን ነገር ታይበታለህና። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ሰው በትውልዱ ኮሪያዊ ነበረ። አባቱ በቻይና የታንግ ነገሥታት ሠራዊት መኰንን ስለ ነበረ፥ እርሱም ከአባቱ ጋር ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ሄዶ በጦር ሙያ አደገ። በ747 ዓ.ም. 10,000 ወታደር አስከትሎ የፓሚርን ተራራ ተሻገረና በጊልጊት አገር የቲቤትን ጦር ድል አደረገ። ስለዚህ የጠረፉ አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመ።

ነገር ግን ድሉ ዓይኑን አሳወረው። በ750 ዓ.ም. ዛሬ ታሽኬንት ከምትባለው ከሻሽ ንጉሥ ጋር የሰላም ውል ካደረገ በኋላ፥ ውሉን አፍርሶ ከተማይቱን ድንገት ወረራት። ሽማግሌዎችንና ደካሞችን አስገደለ፤ ወርቁንና ዕንቁውን፥ ፈረሱንና ግመሉን ዘረፈ። ንጉሡም ተማርኮ በቻይና ተገደለ። የንጉሡ ልጅ ግን አምልጦ በደሉን ለጎረቤት አገሮች ነገራቸው፤ እነርሱም ተቆጥተው የዐረቦችን ርዳታ ለመኑ። የኹራሳን ገዥ አቡ ሙስሊምም ዚያድ ኢብን ሷሊሕን ከጦር ጋር ላከ።

በ133 ዓመተ ሂጅራ በዙልሒጃ ወር፥ ማለት በ751 ዓ.ም. በሐምሌ፥ ሁለቱ ሠራዊቶች በጠላስ ወንዝ አጠገብ ተጋጠሙ። አምስት ቀን ከተፋለሙ በኋላ፥ ከጋው ጋር የመጡት የቀርሉቅ ቱርኮች ከድተው ወጉት። ቃሉን ላላከበረ ሰው ቃሉን የሚያከብርለት አልተገኘም። ከሠራዊቱ የተረፉት ጥቂት ሺህ ብቻ ነበሩ።

ፍጻሜውንም ስማ። በ755 ዓ.ም. አን ሉሻን በንጉሡ ላይ ባመፀ ጊዜ፥ ጋው ጦሩን ይዞ ወደ ቶንግጓን ምሽግ አፈገፈገ። አንድ የቤተ መንግሥት ጃንደረባም የወታደሩን ስንቅ ሰርቋል ብሎ ከሰሰው። ወታደሮቹ ንጹሕነቱን ጮኸው ቢመሰክሩም፥ በ756 ዓ.ም. መጀመሪያ በሞት ተቀጣ። በእውነት የዘረፈ እጅ በሐሰት የዘረፋ ክስ ጠፋ።

ድል ያደረገውም አልቆየም፤ አቡ ሙስሊም በ755 ዓ.ም. በኸሊፋው በአል መንሱር ትእዛዝ ተገደለ። በ757 ዓ.ም. ደግሞ የዐረብ ወታደሮች የቻይናን ንጉሥ ረድተው ዋና ከተማውን አስመለሱለት። ከጠላስ እስከዚያ ስድስት ዓመት ብቻ ነበረ።

እንግዲህ አንተ ነጋዴ ሆይ! የዛሬው ባላንጣህ ነገ ረዳትህ ሊሆን ይችላልና በመካከላችሁ ያለውን ውል አታፍርስ። የበደልኸው ሰው ዝም ቢል ልጁ አይረሳም፤ በአንዱ ገበያ የጣልኸውን አማና በሌላው ገበያ ብትፈልገው አታገኘውም። አላህ እኛንም ልጆቻችንንም ቃላቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ አሚን።