ኮርኔሊስ ዴ ዊትና የአዝመራ ብርሃን ሒሳብ

በአንድ ማሳ ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ብርሃን ምን ያህሉ ወደ እህል ሊለወጥ እንደሚችል አስቀድሞ ለማስላት መንገዱን ከጠረጉት ሊቃውንት መካከል፣ የሆላንዱ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኮርኔሊስ ዴ ዊት ከግንባር ቀደሞቹ ይቈጠራሉ። የሥራቸው ፍሬ በዋገኒንገን ቤተ ሙከራዎች ብቻ ተወስኖ የቀረ አይደለም፤ በጊንጪ ጥቁር አፈር ላይ ለሚሠራ የሰብል ባለሙያም የሚበጅ ትምህርት ይዟል።

ዴ ዊት እ.ኤ.አ. በጥር 1924 በብሩመን ተወለዱ። በዋገኒንገን ተምረው፣ ማዳበሪያ በአፈር ውስጥ ስለሚቀመጥበት ሥፍራ ባቀረቡት ፊዚካዊ ጥናት በ1953 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። በበርማም ሠርተው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1958 በሰብል የውሃ ትነትና በምርት መካከል ስላለው ዝምድና፣ በ1960 ደግሞ ተክሎች እርስ በርሳቸው ስለሚያደርጉት ሽሚያ የጻፏቸው ጥናቶች ስማቸውን በሙያው ዓለም አስጠሩ።

ወደ ብርሃን ጥናት ሲገቡ መሠረቱ በከፊል ተጥሎ ነበር። ዋትሰን የተባሉት እንግሊዛዊ በ1947 የቅጠልን ስፋት ከመሬቱ ስፋት ጋር ማነጻጸርን አስተምረዋል። ጃፓናውያኑ ሞንሲና ሳኤኪም በ1953 ብርሃን በቅጠል ሽፋን ውስጥ ወደ ታች በዘለቀ ቁጥር በምን ሥርዓት እንደሚቀንስ በቀመር አሳይተዋል። ቅጠሉ ቀና ላለ እንደ ስንዴ ላለ ሰብል በተለመደው መለኪያ ሲሰላ፣ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ካሬ ሜትር ቅጠል ቢኖር ከብርሃኑ 40 በመቶ ያህሉ ይያዛል፤ ቅጠሉ ሦስት ካሬ ሜትር ሲሞላ ድርሻው ወደ 78 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ቅጠል የሚያስገኘው ጥቅም እያነሰ ይሄዳል።

ዴ ዊት በ1965 ያሳተሙት ሥራ ይህን ሒሳብ ወደ ብርሃን አስተጻምሮ አሸጋገረው። ቅጠሎች የሚያዘነብሉበትን ማዕዘን በአራት ዓይነት ከፍለው፣ የፀሐይን ከፍታ፣ ጥርት ያለውንና ደመናማውን ሰማይ ለየብቻ እያዩ፣ መላው አዝመራ በቀን የሚሠራውን አሰሉ። ውጤቱም ቀና ያለ ቅጠል ሁልጊዜ የተሻለ አለመሆኑን አስረዳ። ቅጠሉ ብዙ፣ ፀሐይዋም ከፍ ያለች ስትሆን ቀና ያለው ይበልጣል፤ ሽፋኑ ገና ሲሳሳ ግን ጋደም ያለው ቅጠል የበለጠ ብርሃን ይይዛል። ሰማዩ ሲደምን ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ የማዕዘኑ ልዩነት ይጠብባል።

በ1968 በዋገኒንገን ፕሮፌሰር ከሆኑ ወዲህ ከተማሪዎቻቸው ጋር የሰብልን ዕድገት በኮምፒዩተር ወደ ማስመሰል ተሻገሩ። ኤልክሮስና ባክሮስ የተባሉት ሰፋፊ ሞዴሎች፣ በኋላም አጠር ያለው ሱክሮስ ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጡ። ከዚሁ የወጡ ተመራማሪዎች ከማሊ ባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱትና በ1982 በታተመው ጥናት፣ በሳህል አብዛኛው የግጦሽ መሬት ምርትን የሚገታው የዝናብ ማነስ ብቻ ሳይሆን የናይትሮጅንና የፎስፎረስ እጥረት ጭምር መሆኑ ተገለጠ። ሒሳቡ እውነተኛውን ማነቆ ለይቶ አሳየ ማለት ነው።

የጊንጪ ማሳ በዚህ ዓይን ቢታይ ማነቆው የት ላይ ነው? መረሬው አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ስለሚቋጥር ገበሬው ስንዴውን አዘግይቶ፣ ሽምብራውንና ጓያውን ዝናቡ ሊያባራ ሲል መዝራት ልማዱ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት የሚወርደው ብርሃን በደመና የተዳከመ ቢሆንም የሚያርፈው በባዶ መሬት ላይ ነው። በደመናማው ወራት የማዕዘኑ ልዩነት ስለሚጠብብ፣ ቅጠሉ ቀና ያለ ዝርያ ከመምረጥ አስቀድሞ ቅጠል ራሱ እንዲኖር ማድረግ ይቀድማል። በ1986 የተጀመረው የጥቁር አፈር የጋራ ፕሮጀክት ከሁለት ማረሻ የተሠራ ሰፊ መደብና ቦይ ማውጫ ያስተዋወቀው ውሃው ተንጠፍጥፎ ቀደም ብሎ መዝራት እንዲቻል ነው። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ጥቁር አፈር እንዳለ ሲታሰብ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ዴ ዊት በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንዱ የምርት ግብዓት ይበልጥ የሚሠራው ሌሎቹ ሲሟሉለት ነው የሚለውን ሐሳብ አጠናክረው ተከራክረዋል። ውሃ በቋጠረ ማሳ ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ገበሬውን ዕዳ ውስጥ ሊከት እንደሚችል ለሚያውቅ ባለሙያ ይህ ባዕድ ትምህርት አይሆንም። ማንጠፍጠፊያው፣ የመዝሪያው ቀን፣ ማዳበሪያውና ዝርያው አንድ ላይ ሊታቀዱ ይገባል።

የእርሻ ሳይንስ ዎልፍ ሽልማትን ከተቀበሉ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 ዴ ዊት በ69 ዓመታቸው አረፉ። ያወረሱትም ገበሬው አዲስ ወጪ እንዲያወጣ ከመምከር በፊት ምርቱን የያዘው ምን እንደሆነ በቍጥር መመርመርን ነው።